21ን የማያውቅ ሞዴል

ሥራዬ በሞባይል ኔትወርክ ሳይቶች (አንቴና በተተከለባቸው ቦታዎች) ላይ በየሰዓቱ ምን ያህል ሰው እንደሚጠቀም የሚተነብዩ የማሽን ለርኒንግ ሞዴሎችን፣ ማለትም ካለፈ ዳታ ተምረው የሚገምቱ ፕሮግራሞችን፣ ማዘጋጀትና መከታተል ነው። ትንበያው ለኃይል ቁጠባ ነው። አንድ ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ባንድ፣ ማለትም የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ክልል፣ አለ። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ርቆ ይደርሳል። ከፍተኛው ብዙ ዳታ ያሳልፋል፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ተጠቃሚ ሲቀንስ ከፍተኛውን ማስተኛት፣ ማለትም ለጊዜው ማጥፋት፣ ይቻላል። መብራት በጠፋ ቁጥር በባትሪና በናፍጣ ለሚሠራ ሳይት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው እያለ ከተኛ ግን ኔትወርኩ ይጨናነቃል።

መጀመሪያ ለሰሜን ሸዋ በሙሉ አንድ ሞዴል አሠለጠንኩ። አብዛኛው ዳታ የደብረ ብርሃን ስለነበር ሞዴሉም የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ አረፈው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ማታ 3 ሰዓት ካለፈ ብርዱ ሰውን ቤቱ ያስገባዋል። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና አድርጋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ሸዋ ሮቢት አለች። እዚያ ቆላ ነው። ሰው ደጅ ያመሻል፣ የደሴ መንገድ ሾፌርም ያርፋል። ሞዴሉ ግን በ3 ሰዓት ባንዱን ያስተኛዋል።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ሴል (አንድ አንቴና ለሚሸፍነው አካባቢ) የራሱን ሞዴል ሠራሁ። ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ችግሩ የመጣው ከዳታው ነው። መንዝ ውስጥ አንድ ሳይት መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ሲያልቅ ይዘጋል። ሪፖርቱ ላይ የሚመዘገበው ዜሮ ነው። ሞዴሉም ዜሮውን «እዚህ ሰዓት ላይ ሰው የለም» ብሎ ተማረው። ሰው ግን ነበር፣ ያጣው ኔትወርክ ነው። አሁን የትራፊኩን ዳታ ከመቋረጥ መዝገቡ ጋር ሳላስተያይ ምንም አላሠለጥንም። ሳይቱ ጠፍቶ የነበረበት ሰዓት ተቆርጦ ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር የአንቴና ነበር። የአንድ ሴል አንቴና ወደ አዲስ ሰፈር ዞረ። የሴሉ ስም አልተለወጠም፣ ሞዴሉም በስሙ ስለተያዘ ሥራውን ቀጠለ። የድሮውን ሰፈር እያሰበ ለአዲሱ ይወስናል ማለት ነው። ያንን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሞዴል መታወቂያ አወጣሁለት፦ የትኛው ሴል፣ አንቴናው ወዴት እንደዞረና ምን ያህል እንዳጎነበሰ፣ የትኛው ባንድ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ባለ ዳታ እንደሠለጠነ። ከእነዚህ አንዱ ከተቀየረ ሞዴሉ ወዲያው ከሥራ ይወጣል። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው የስሪ ጂፒፒ (3GPP) የሪሊዝ 18 ጥናትም በሬዲዮው በኩል ለሚሠሩ ሞዴሎች ያነሣው ይህንኑ ጉዳይ ነው፦ መከታተል፣ መቀየር፣ ሲበላሽም ወደ ቀድሞው አሠራር መመለስ።

አሁን ሳይቶቹን በቡድን ከፍያቸዋለሁ። የደጋ ከተማ፣ የቆላ መንገድ ዳር፣ የገጠር። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሞዴል አለ፤ በቂ ዳታ ያለው ሳይት በላዩ ላይ የራሱ ትንሽ ማስተካከያ ይጨመርለታል። ሁሉንም የምለካቸው በአንድ ቀላል ነገር ነው፦ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት ምን ነበር? ያንኑ ቁጥር እንደ ትንበያ ወስጄ አወዳድራቸዋለሁ። ይህን ማሸነፍ ያቃተው ማስተካከያ ይነሣና ሳይቱ በቡድኑ ሞዴል ብቻ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ነው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ሳይት ቅሬታ የመጣው። ሌሊት ስልክ አይሠራም። ሞዴሉን ደጋግሜ አየሁት፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው። ሲቸግረኝ ተነሥቼ ሄድኩ። የሳይቱ ጥበቃ ባናቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ባለፈው ሌሊት እዚህ ምን ነበር?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ሃያ አንድ አልነበረም እንዴ? ማርያም ናት። ሕዝቡ ከሃያ ጀምሮ ነው የሚገባው። እዚሁ ነው የሚያድረው።»

ዝም ብዬ ቆምኩ። እኔም እናቴ ማርያምን ስትዘክር ነው ያደግሁት። ለሞዴሉ ግን የሰጠሁት የፈረንጅ ቀን ነበር። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ነው፣ ጥቅምት 21 ኦክቶበር 31፣ ጥር 21 ደግሞ ጃንዋሪ 29። በፈረንጁ ወር ቋሚ ቦታ የለውም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በሳምንቱ ቀንም አይያዝም፤ በየወሩ ሁለት ቀን ይገፋል። ሞዴሉ ያንን ሁሉ ሕዝብ እንደ ድንገተኛ ነገር ቆጥሮ ሲጥለው ከርሟል። አማካይ ቁጥሩ ጥሩ የመሰለኝም ለዚህ ነው። በወር አንድ ሌሊት አማካይ ውስጥ ትጠፋለች፤ ለዚያ ሕዝብ ግን የመጣባት ሌሊት እሷ ናት።

ቢሮ እንደተመለስኩ የመጀመሪያው ሥራዬ የእኛን ቀን ማስገባት ሆነ። ወርኃዊውን በዓል ከዓመታዊው ለየሁት፣ ምክንያቱም ኅዳር 21 እና ጥር 21 ከሌሎቹ ወራት ይለያሉ። ዋዜማውንም ጨመርኩ፣ ሰውየው እንዳሉት ሕዝቡ የሚገባው በ20 ነውና። የሚቀጥለው 21 ሲደርስ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ጳጉሜን ግን ገና አልተፈታልኝም። በዓመት አንዴ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ብቻ ነው የምትመጣው፣ ጸበሉ ደግሞ በእሷ ይሞላል። ሞዴሉ የሚማርበት በቂ ዳታ የለውም። ስለዚህ ነሐሴ 30 ማታ ራሴ ገብቼ በጸበል ቦታዎቹ ዙሪያ ያሉትን ሳይቶች ማስተኛውን አጠፋዋለሁ። መስከረም 2 መልሼ አበራዋለሁ።