ካሴት ፍለጋ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ የገባሁት ከመሸ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን መንገድ ተኝቼ ስላለፍኩት የምለው የለኝም። ከዚራ ሰፈር ያገኘሁት ፔንሲዮን «ማራገቢያ አለው» ብሎ 700 ብር ተቀበለኝ። እውነትም አለው፤ አይዞርም እንጂ። እርጥብ ፎጣ ለብሼ አነጋሁ።

ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከፊራ ገበያ ለመድረስ ባጃጁ ከአገሬው ሰው እጥፍ ወሰደብኝ። ገበያው አጠገብ፣ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አዛውንት ሱቅ ስገባ ግን ኩርፊያዬ ለቀቀኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው፤ የሐረሪ፣ የሶማሊ፣ የኦሮሞ ዘፈን። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ እዚሁ ከተማ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን የጀመረው ዓሊ ቢራማ ለብቻው መደርደሪያ አለው። አንዱን በ300 ብር ገዛሁ።

ይዤው በመጣሁት ትንሽ ቴፕ ስሞክረው ድምፁ ትራስ የተጫነው ይመስላል።

«ክሩ ተበላሽቶ ይሆን አባባ?»

«አቦ ክሩ ደህና ነው፤ ያንተ ሄድ ነው የተዛነፈው።»

ሄድ የሚሉት ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል ነው። የቀዳው ቴፕ ሄድና የሚያጫውተው ሄድ ካልገጠሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ዘፈኑ እየሄደ በትንሽ ካቻቢቴ የሄዱን ብሎን ነካ ነካ አደረጓት። ዑዱ ወለል ብሎ ወጣ። ለእጃቸው ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

ከዚያ ከጠረጴዛ ሥር ባለ ሪል ቴፕ፣ ያንን ክሩ በትልልቅ መጠቅለያ ላይ የሚዞረውን፣ አወጡ። ካሴት 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው የሚያስኬደው፤ የዚህኛው ክር 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱም 19 ሳንቲ ሜትር። ከዘፈኑ ሥር የሚሰማው «ሽሽሽ» የሚያንሰው ለዚህ ነው። ያጫወቱልኝ የድሮ ሰርግ ነበር፤ ከበሮው ደረት ይመታል፣ ከእልልታው ኋላ አንዲት ሴት ውሃ አምጡ እያለች ትጣራለች።

ሰዉ ግን አላስደመጠኝም። መንገደኛው ሁሉ ጎራ እያለ ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ይከራከራል። እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ክር ሲሄድ በር ዘግቼ፣ ስልክ አጥፍቼ ነው፤ ድስት እንኳ አይከደንም። «ዝም በሉ» ማለት አማረኝ። አዛውንቱ ይባስ ብለው ድምፁን ጨመሩ፤ ክርክሩም አብሮ ጨመረ።

ባለ ሪሉን ቴፕ ይሽጡልኝ አልኳቸው። 25 ሺህ ብር አሉ፤ ወደ 20 ወረዱ። አውቶቡሱ ለጭነቱ ስንት እንደሚጠይቀኝ ላጣራ መናኸሪያ ሄድኩ።