ባዶ ዲስክ ይዞ «ቦታ የለም» ያለኝ የኢሜይል ሰርቨር

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ የ60 ሠራተኞች መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨሩን ያዋቀርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምተርከው ጥፋት በአብዛኛው የራሴ ነው። ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያደርሰውን ፖስትፊክስንና የደረሰውን ለተጠቃሚው የሚያቀርበውን ዶቭኮትን መጫን፣ ሰርተፊኬቱን ማስገባትና ዩዘሮቹን መመዝገብ የአንድ ቀን ሥራ ስለነበር አልዘረዝረውም። የሜይልዲርን (እያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ፋይል የሚቀመጥበትን አሠራር) መንገድ ፖስትፊክስ ውስጥ ስትጽፉ ግን የመጨረሻዋን እዝባር (/) አትርሱ፤ እርሷ ከሌለች መልእክቱ ሁሉ በኤምቦክስ መልክ አንድ ፋይል ውስጥ ይከማቻል።

አሮጌው ሰርቨር የሚሠራው በኤምቦክስ ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው ደብዳቤ በአንድ ፋይል ተጠራቅሞ አንዳንዱ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለደረሰ፣ ከመካከል አንዲት መልእክት መሰረዝ እንኳ ብዙ ያስጠብቅ ነበር። ወደ ሜይልዲር በመዛወሬ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ አዲሱን ዲስክ ገና ስለ ኤምቦክስ እያሰብኩ ፎርማት ማድረጌ ነው። 1 ቴራባይቱን ኤክስት4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ሳዘጋጅ ለግዙፍ ፋይሎች የታሰበውን ምርጫ ወሰድኩ፤ ይህም 16 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ያተርፋል። ትርፉ የሚገኘው ከአይኖድ ነው፤ አይኖድ የአንድን ፋይል ባለቤት፣ መጠንና አድራሻ የሚይዝ መዝገብ ሲሆን ያለ እርሱ ፋይል አይፈጠርም። በተለመደው አሠራር ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ሲመደብ፣ በእኔ ምርጫ ግን ለየ4 ሜጋባይቱ አንድ ብቻ ተመደበ። ዲስኩ በጠቅላላው 262,144 ፋይል ብቻ እንዲይዝ ፈረድኩበት ማለት ነው፤ ይህ ስሌት ደግሞ ፎርማት ሲደረግ ከተወሰነ በኋላ አይለወጥም። ያን ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤ መግባት አቆመ። ሎጉ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ይላል፤ ዲስኩን ስመለከት የተያዘው 70 ጊጋባይት ብቻ ነው። ኮታውን ጠረጠርኩ፣ የፋይል ፈቃዶችን መረመርኩ፣ ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁ። ይባስ ብዬ ሠራተኛው የተሰረዙ መልእክቶቹን እንዲያጸዳ ለመንኩ፤ ሲያጸዱ ደብዳቤ ለጥቂት ደቂቃዎች ገብቶ ተመልሶ መቆሙ የባሰ ግራ አጋባኝ። የዲስክን ፍጆታ የሚያሳየውን ዲኤፍ የተባለ ትእዛዝ በአይኖድ አማራጩ ያስኬድኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ 100 በመቶ አለኝ። መሬቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ የቤት ቁጥሩ አልቆ ነበር።

ዕቃ ያቀረበልን ድርጅት ባለሙያ «ዲስክ ጨምረህ አስፋው» አለኝ። ኤክስት4 ሲሰፋ አይኖድ የሚጨምረው በዚያው በቀድሞው ስሌት ስለሆነ፣ ሌላ ቴራባይት ሌላ 262,144 ፋይል ብቻ ይሰጠኝ ነበር። አዲስ ዲስክ እንዲገዛልኝ ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ብሄድ «ወንድሜ፣ ዲስኩ ባዶ ነው ትላለህ፣ መልሰህ ደግሞ ዲስክ ግዛልኝ ትላለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ፕሮፎርማ እንዳመጣም አዘዙኝ።

ፖስትፊክስ ግን ፕሮፎርማ አይጠብቅም። ማድረስ ያቃተውን ደብዳቤ፣ ቅንብሩ ካልተነካ በቀር፣ 5 ቀን ያቆያል፣ ከዚያ ለላኪው ይመልሳል፤ እስከዚያው ለላኪው መዘግየቱን እንኳ አይነግረውም። ያልደረሱት ደብዳቤዎች የሚጠብቁበት ሰልፍ በሌላኛው ዲስክ ላይ መሆኑ አተረፈኝ እንጂ ቀነ ገደቡን ወደ 10 ማራዘም የነበረብኝ ያኔውኑ ሐሙስ ነበር፤ ያስታወስኩት ዓርብ ማታ ነው።

ቅዳሜ የራሴን ዲስክ ከቤት አምጥቼ፣ አይኖድን እንደ አስፈላጊነቱ በሚፈጥረው ሌላ የፋይል ሥርዓት፣ በኤክስኤፍኤስ፣ ፎርማት አድርጌ፣ ሁለቱን አገልግሎቶች አቁሜ ሁሉንም ገለበጥኩ። ዶቭኮት የመልእክቶችን መለያ ቁጥር የሚያኖርበት ፋይል አብሮ መገልበጥ አለበት፤ እርሱ ከጠፋ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ያወርዳል፣ በእኛ መስመር ደግሞ ይህ ሌላ መከራ ነው። ትንንሽ ፋይሎች ለመገልበጥ ስለሚዘገዩ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፤ እሑድ ጠዋት የተሰለፈው ደብዳቤ ገባ።

የዶቭኮት ሰነዶች ብዙ መልእክቶችን በአንድ ፋይል የሚያከማቸውን ኤምዲቦክስን ስለ ፍጥነቱ ያሞግሱታል። እኔ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት አልመክረውም፤ የትኛው መልእክት እንደተነበበ የሚያውቀው ማውጫው (ኢንዴክሱ) ብቻ ስለሆነ፣ ማውጫው ሲጠፋ ያ መረጃ አብሮት ይጠፋል። ሜይልዲርን በኤክስኤፍኤስ ላይ አኑሩ፤ ኤክስት4 ግድ ከሆነባችሁ የፎርማት ምርጫዎቹን አትነካኩ፣ የአይኖዱ ፍጆታ 80 በመቶ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ እንዲመጣላችሁ አድርጉ።

የመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተገዝቶ መጣ። አሁን ባክአፕ ይዞበታል፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ ያለው በእኔ ዲስክ ላይ ነው።