ደጃችን ላይ የምትውለው ነጭ ቪትዝ

ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ሆኜ ስሠራ ነው።

አንድ ጠዋት ከመራዊ ኮንትራክተር ደወለ። ቀለምና ቧንቧ ይፈልጋል። «አዘጋጁልኝ፣ ደርሼ እጭናለሁ» አለ። በር ላይ ደርድረን ጠበቅነው። በፒካፕ መጣ፤ ማቆሚያ የለም። አንዴ ዞረ። ሁለቴ ዞረ። በሦስተኛው ፍሬቻ አብርቶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላው የባጃጁ ጥሩንባ ሰፈሩን አናጋው። ትራፊክ ደረሰ፣ ቀጣው። ሰውዬው ሳይወርድ ሄደ። ዕቃውን ሌላ ቦታ እንደገዛ ማታ ሰማን።

ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ጨሱ። ጥፋቱን ሁሉ ፓርኪንግ የሚያስከፍሉት ልጆች ላይ ጫኑት። እኔም የሳቸውን ቁጣ ተሸክሜ ሄድኩ።

«ብር መሰብሰብ ብቻ ነው እንዴ ሥራችሁ?»

ልጁ አልመለሰልኝም። ታርጋና ሰዓት የሚጽፍበትን ደብተር ገለጠ። «ይቺን ታውቃታለህ?» የጋሼ ቪትዝ! ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ማታ 12 ሰዓት ትወጣለች። «ይቺስ?» የጎረቤታችን። በእኛ በኩል ካሉት 9 ቦታዎች 6ቱን የያዝነው እኛው ባለሱቆቹ ነን።

«የወር ከፍለዋል፣ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

አፈርኩ። ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ቢቆም፣ የቪትዟ ቦታ ብቻ በቀን 20 ሰው ያስተናግድ ነበር።

ለጋሼ መንገሩ ከበደኝ። «በገዛ ደጄ አላቁም?» አሉ፣ እንደፈራሁት። ኮንትራክተሩን ሳነሳባቸው ግን ዝም አሉ።

በኋላ ሳነብ፣ ዶናልድ ሹፕ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ጉዳይ ነው። በየመንገዱ ዳር ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እስኪሆን የማቆሚያው ዋጋ ይስተካከል ይል ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦልድ ፓሳዲና ባለሱቆች ክፍያውን የተቃወሙት ደንበኛ ይሸሻል ብለው ነበር። እሺ ያሉት ገንዘቡ ለራሳቸው ሰፈር እግረኛ መንገድና ጽዳት እንደሚውል ሲነገራቸው ነው። የፓርኪንግ ክፍያ ቆጣሪው በ1993 እ.ኤ.አ. ተተከለ። የኛዎቹም ቢያንስ የተቆፈረውን የእግረኛ መንገድ ቢደፍኑልን፣ ማን ያጉረመርማል?

እኛ ጋ የሆነው ትንሽ ነው። ልጆቹ የወር ክፍያውን አስቀርተው ለሁሉም በሰዓት አደረጉት። ጋሼ መኪናቸውን ከኋላ ወዳለው ቅያስ ወሰዱ። እኔ ድሮም በሳይክል ነኝ፤ ከተማው ሜዳ ነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያይል ጋሼ ቪትዟን መልሰው ደጃችን አቆሙ። ልጁ ጃንጥላውን ዘርግቶ መጣና ደረሰኝ ቆረጠ። ጋሼ ደረሰኙን አገላብጠው አዩት፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

«አንተ፣ ቁልፉን አምጣ» አሉኝ።