ሰክረው የማይፎክሩ

የአሜሪካዊውን ደራሲ የሄሚንግዌይን «ዘ ሰን ኦልሶ ራይዝስ» ትናንት ማታ ጨረስኩት። እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣ ልብ ወለድ ነው። መግቢያው ላይ ከመጽሐፈ መክብብ «ትውልድ ይሄዳል፥ ትውልድም ይመጣል» የሚለው ተጠቅሷል። ርዕሱም («ፀሐይም ትወጣለች» ማለት ነው) የመጣው ከዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ መንፈሳዊ አጀማመር በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ መጠጥ ነው። ወይን፣ ብራንዲ፣ አብሳንት፣ ሻምፓኝ። አንባቢውን ራሱን ሀንጎቨር ይይዘዋል።

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። ጄክ ባርንስ ፓሪስ የሚኖር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ቆስሎ ወንድነቱን አጥቷል። ብሬት አሽሊ የምትባል እንግሊዛዊት ትወደዋለች፤ እሱም ይወዳታል፤ ግን ምን ዋጋ አለው። እሷ ማይክ ለሚባል የከሰረ ስኮትላንዳዊ ታጭታለች። ሁሉም ተሰብስበው በሐምሌ ለሳን ፌርሚን የበሬ ፍልሚያ በዓል ስፔን፣ ፓምፕሎና ይወርዳሉ። ይጠጣሉ፣ ይደባደባሉ፣ ይበታተናሉ። በቃ።

እኔን የገረመኝ የመጠጡ ብዛት አይደለም። ሰክረው አለመፎከራቸው ነው። እኛ ጋ የዘመተ ሰው ሁለት መለኪያ አረቄ ከቀመሰ ግንባሩ ሁሉ ይቆጠራል። እሱ ዝም ቢል እንኳ ሌላው ይፎክርለታል። እነዚህ ግን ገጽ በገጽ እየጠጡ ስለ ጦርነቱ ከቀልድ ውጪ ትንፍሽ አይሉም።

የማይክ የሜዳልያ ወሬ ለምሳሌ። ለንደን ውስጥ የዌልስ ልዑል ይገኝበታል ለተባለ እራት ይጠራል። ሜዳልያ ማድረግ ግድ ነው። እሱ ደግሞ የራሱን ሄዶ አልተቀበለም። ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሄድና «የሆነ ሜዳልያ ስጠኝ» ይላል። ሰፊውም አንድ ወታደር እንዲጸዳለት የተወውን ይሰጠዋል። ማይክ ሳጥኑን ኪሱ ከቶ ይረሳዋል። ልዑሉም ሳይመጣ ቀረ። ሌሊት ጭፈራ ቤት ገብቶ ሜዳልያዎቹን ለሴቶቹ ያድላቸዋል። ልብስ ሰፊው ለወራት መልስልኝ እያለ ሲጽፍለት ኖረ። ማይክ ይህን ሲያወራ ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን የሜዳልያዎቹ ባለቤት የት ተዋግቶ ያገኛቸው ይሆን አልኩ።

የበሬው ጆሮም ከዚህ አይሻልም። አንድ በሬ ጠዋት፣ በሬዎቹ ጎዳና ላይ ተለቀው ከሰው ጋር በሚሮጡበት ሰዓት፣ የ28 ዓመት ገበሬ ወግቶ ይገድላል። ሟቹ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ከሰዓት በኋላ ያንኑ በሬ ወጣቱ ማታዶር (በሬ ተፋላሚ) ፔድሮ ሮሜሮ ይገድለውና ጆሮውን ይሸለማል። እሱም ለብሬት ይሰጣታል። እሷ ከጄክ መሀረብ ጋር ጠቅልላ፣ ከሲጋራ ቁራጭ ጋር የሆቴል መሳቢያ ውስጥ ወሽቃ ትታው ትሄዳለች። ሄሚንግዌይ ይህን ሁሉ ነግሮን አስተያየት የሚባል ነገር አይጨምርም። እዚህ ጋ ባርኔጣዬን አንስቼለታለሁ።

ደግሞ እኛ ያለንበት ቦታም አለ! ሚፒፖፖሉስ የሚባል ግሪካዊ ካውንት ሻምፓኝ ይዞ ጄክ ቤት ይመጣል። ሰባት ጦርነትና አራት አብዮት አይቻለሁ ይላል። ሸሚዙን ገልቦ ከጎድኑ በታች ሁለት ነጭ ጠባሳ ያሳያቸዋል። በጀርባውም የወጣበት አለ። የቀስት ነው። የት? «አቢሲኒያ፣ በ21 ዓመቴ።» ወታደር ነበርክ ስትለው ብሬት፣ ለንግድ ነበር የሄድኩት ይላታል። ወደ ሻምፓኛቸው ተመለሱ። እኔ ግን መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ። ማን ነው የወጋው? ምን ሊነግድ ሄዶ? ለፉከራ የቀረበው ሰው ይሄ ነበር፤ እሱም በዚህ ዘጋው።

ሰፈራችን የነበሩ አንድ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ዘምተው የተመለሱ ናቸው። ስለ ግንባሩ ስንጠይቃቸው «ተዉት ባካችሁ» ይሉና ወሬውን ወደ ኳስ ያዞሩት ነበር። ሲጠጡም ያው ናቸው።

ያልወደድኩት ነገር አለ። ከመካከላቸው ያልዘመተው ሮበርት ኮን ብቻ ነው። እሱም አይሁዳዊ ነው። ሁሉም ተነስተው እሱ ላይ ይወርዳሉ፤ በዘሩ ጭምር ይሰድቡታል። ኮን ራሱ የሚያናድድ ሰው ነው፤ ብሬትን እንደ ጥላ እየተከተለ ክብሩን ይጥላል። ግን ዘሩን ምን አመጣው? ተራኪው ጄክም ከዚህ አይጸዳም። «ዘመኑ ነው» የሚሉ አሉ። እኔን አላሳመነኝም።

የወደድኩት ክፍል ፓምፕሎና አይደለም። ከዚያ በፊት ጄክና ጓደኛው ቢል ቡርጌቴ የሚባል የስፔን መንደር ሄደው ኢራቲ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱበት ነው። ወይኑን ቀዝቃዛ ምንጭ ውስጥ ይነክሩታል። ዓሣውን አጥቦ፣ በፈርን ቅጠል መሀል ደርድሮ ቦርሳ ውስጥ መክተት። ቅናት የለ፣ ብሬት የለች፣ የሚደባደብ የለ። እዚያም ይጠጣሉ፤ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ነው።

ሄሚንግዌይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1918 ጣሊያን ግንባር ለቀይ መስቀል ሲሠራ፣ ገና በ18 ዓመቱ ቆስሏል። ጦርነቱን ፊት ለፊት የጻፈበት ከዚህ መጽሐፍ 3 ዓመት በኋላ የወጣው «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ጋ አለ። ቅዳሜ እወስደዋለሁ፤ ካላበላሸው።