የሃሎዊን ብስኩት፦ ጥቁሩ ወደ ነጩ እንዳይለቅ (የአምስት ዙር ማስታወሻ)

ለኦክቶበር 31 የመኸር ድግስ የሚጋገር አስፈሪ ብስኩት ውበቱ ያለው በጥቁርና በነጭ መካከል ባለው ጥርት ያለ ድንበር ላይ ነው። ጣረሞቱ ነጭ፣ ዓይኑ ጥቁር፤ የሸረሪቱ ድር ነጭ፣ ከሥሩ ያለው ሌሊት ጥቁር። ድንበሩ ከደበዘዘ የሚቀረው ግራጫ እድፍ ነው። ድንበሩን የሚያደበዝዙት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መሄድ የሌለበት ቦታ የሄደ ውሃና መሄድ የሌለበት ቦታ የሄደ ቅቤ። ከታች ባሉት አምስት ዙሮች የተቀየረው ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ሲታይ እነዚህን ሁለቱን ከመቆጣጠር አያልፍም።

ዙር 1፦ ሊጡ

ልኬቱ፦ 225 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 1 ትልቅ እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት። ከ7 እስከ 8 ሳንቲሜትር በሚሰፋ ቅርጽ ማውጫ ሲቆረጥ 24 ገደማ ብስኩት ይወጣዋል። ዱቄቱ በሚዛን ይመዘን። በኩባያ የተሰፈረ ዱቄት እንደ አሰፋፈሩ በጣም ይለያያል፤ 40 ግራም ሲጎድልበት ሊጡ ምድጃ ውስጥ ይንጣለላል፣ 40 ግራም ሲበዛበት ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል።

ቤኪንግ ፓውደር የለውም፤ ይህ መርሳት አይደለም። 1 የሻይ ማንኪያ የተጨመረበት ሙከራ የሌሊት ወፏን የክንፍ ጫፎች አድቦለቦላቸው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የብስኩቱ ላይ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ጉብታ ማበጀቱ ነበር። ጉብታ ላይ የፈሰሰ አይሲንግ (ብስኩቱ ላይ የሚቀባው የስኳር ቅብ) ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ መሐሉ ይሳሳል፣ የብስኩቱም ቡናማ ቀለም ያሳያል።

ቅቤው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ጣት ሲጫነው ምልክት ይያዝ እንጂ ጣት አያሳልፍ። ከስኳሩ ጋር የሚመታው ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ብቻ ነው። ለኬክ እንደሚደረገው እስኪነጣ ከተመታ በውስጡ የታፈነው አየር ሲሞቅ ይለጠጥና ሊጡን ያሳብጠዋል። እንቁላሉና ቫኒላው ይግባ፣ ቀጥሎ ዱቄቱ፣ ደረቁ ዱቄት እንደጠፋ ይቁም።

ሊጡን አድቦልቡሎ ፍሪጅ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም ትርፉ ድካም ነው። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ድቡልቡል ሊጥ ለመዳመጥ መልሶ መለስለስ አለበት፣ ሲለሰልስ ደግሞ ቅዝቃዜው ይባክናል። ወዲያው በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሐል ተደርጎ 6 ሚሊሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳመጥ፣ ከነወረቀቱ ለ45 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ፣ ከዚያ ይቆረጥ። ግራና ቀኝ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ቢቀመጡ መዳመጫው በእነሱ ላይ ይሄዳል፣ ውፍረቱም አይዛነፍም። ተቆርጦ ትሪ ላይ የተደረደረው ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ገብቶ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። አየር የሚያዟዙር ምድጃ ከሆነ 160 ይበቃዋል። ቅዝቃዜው የሚያስፈልገው ቅቤው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ነው። ሊጡ የሚረጋው ግን ከዚያ በጣም በላቀ ሙቀት ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ሲረዝም ቅርጹ ይፈሳል።

ክንፍና ቀጭን እግር ያላቸው ቅርጾች ከወፍራሞቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ አይግቡ፤ ዱባው ሳይበስል የሸረሪቷ እግር ያርራል። ትንሽ የተንጣለለ ካለ ከምድጃ እንደወጣ በመጀመሪያው ደቂቃ ያንኑ ቅርጽ ማውጫ መልሶ ጫን ማድረግ ጠርዙን ያስተካክለዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ይሰበራል።

ለጥቁር ብስኩት 50 ግራም ዱቄት ወጥቶ በምትኩ 50 ግራም ጥቁር ካካዎ ይገባል፤ በአልካሊ በኃይል የታከመውና እንደ ከሰል የጠቆረው ዓይነት ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠርዙ ሲቀላ አይታይምና የመብሰሉ ምልክት ሌላ ነው፦ የላዩ እርጥብ ብልጭታ ጠፍቶ ደብዘዝ ሲል፣ ጠርዙም በጣት ሲነካ አልሰምጥ ሲል።

ዙር 2፦ አይሲንጉ

450 ግራም በወንፊት የተነፋ የዱቄት ስኳር፣ 30 ግራም የሜሬንግ ዱቄት (በደረቀ የእንቁላል ነጭ የሚሠራ ዱቄት)፣ 75 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውሃ። በዝቅተኛ ፍጥነት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሲመታ ጫፉ ቆሞ ይቀራል። በሜሬንግ ዱቄቱ ፈንታ የእንቁላል ነጭ የሚጠቀም ሰው ፓስቸራይዝድ የሆነውን (ጀርሙ በሙቀት የጠፋውን)፣ 70 ግራም ያህል ይውሰድ። ጥሬ ነጭ ሳልሞኔላ ሊያመጣ ይችላል፣ አይሲንጉም ምድጃ አያይም። ጎድጓዳው ዕቃና መምቻው ቅባት የነካቸው ከሆኑ አይሲንጉ አይቆምም፤ ቅባት ስለማይለቅ ፕላስቲክ ዕቃ ባይሆን ይመረጣል።

በከፍተኛ ፍጥነት ለ10 ደቂቃ የተመታው አይሲንግ አረፋ በዛበት፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ደነዘዘ፣ በጥፍር ሲነካም ፈረሰ። በዝቅተኛው ፍጥነት መታገሥ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ቅጥነቱ ነው። መለኪያው ቆጠራ ነው፦ በአይሲንጉ ላይ በቢላ መስመር ይሰመርና መስመሩ ጠፍቶ ላዩ ልሙጥ እስኪሆን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይቆጠራል። ለመሙያ ከ12 እስከ 15 ሰከንድ። ለድንበርና ለጠባብ ቦታ 20 ሰከንድ። ለሙሚው (በጨርቅ ለተጠቀለለው አስከሬን ቅርጽ) መጠቅለያ ጨርቅ እንደ ጥርስ ሳሙና ቆሞ የሚቀረው። ከ10 ሰከንድ በታች የቀጠነ ከድንበሩ ዘሎ ይፈሳል፣ ባይፈስ እንኳ ውሃው ስለበዛ ሲደርቅ ይዥጎረጎራል። ውሃው በማንኪያ አይጨመር። በመርጫ ጠርሙስ እየተረጨ፣ በማንኪያ እየታጠፈ፣ እየተቆጠረ ይሂድ። ከመጠን በላይ ከቀጠነ የሚያድነው የዱቄት ስኳር ሳይሆን ከወፍራሙ አይሲንግ የተቀነሰ አንድ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማቅጠን ስሕተት ነው።

በጠባብ ቦታ ላይ፣ ማለትም በራስ ቅሉ ዓይንና በሸረሪቷ ሆድ ላይ፣ አይሲንጉ ሲደርቅ ይሰረጉዳል። ውሃው ሲተን ከላይ ያለው ስስ ቆዳ የሚይዘው አጥቶ ነው የሚወድቀው። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመሙላት በፊት ጉድጓዱ ውስጥ በ20 ሰከንዱ አይሲንግ የተጠማዘዘ መስመር ሞነጫጭሮ እንደ ምሰሶ መተው። ሁለተኛ፣ ወዲያው ማራገቢያ ፊት ማስቀመጥ። ላዩ በቶሎ ቆዳ ሲይዝ አይሰረጉድም፣ ብልጭታውም አይጠፋም።

ነጩ ላይ ከአንድ ቀን በኋላ የሚታየው ቢጫ ነጠብጣብ ቆሻሻ አይደለም፣ ከሥር ወደ ላይ የወጣ ቅቤ ነው። የሚመጣውም ብስኩቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቀባ፣ ያልበሰለ ሲሆን ወይም አይሲንጉ ሲቀጥን ነው። ጋግሮ ሌሊቱን በወረቀት ላይ ማሳደር ትርፍ ቅቤውን ወረቀቱ እንዲጠጣው ያደርጋል። ነጩን የበለጠ ለመሸፈን ነጭ ቀለም የሚጨምሩ አሉ። ብዙ ነጭ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት፤ ይህ በአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በምግብ ውስጥ ተከልክሏል።

ዙር 3፦ ጥቁር

ከዚህ ሥራ በጣም አስቸጋሪው ይህ ነው። ከነጭ አይሲንግ ተነሥቶ ጥቁር ጄል (ወፈር ያለ የምግብ ቀለም) ብቻ እየጨመሩ መጥቆር አይቻልም ማለት ሳይሆን፣ የሚፈጀው ቀለም ብዛቱ ሦስት መዘዝ አለው፦ ጣዕሙ ይመራል፣ ጥርስና ከንፈር ያጠቁራል፣ ጄሉም ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ አይሲንጉ በደንብ አይደርቅም። ያልደረቀ ጥቁር ደግሞ አጠገቡ ወዳለው ነጭ ይለቃል።

የሠራው መንገድ ይህ ነው። ለ200 ግራም ወፍራም አይሲንግ 1 የሾርባ ማንኪያ የተነፋ ጥቁር ካካዎ ይግባ፤ ወዲያው ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቁር ጄል ተጨምሮ ጥቁር ግራጫ ሲሆን ይቁም። በላስቲክ ላዩ ተለጥፎ ይሸፈንና ሌሊቱን ይደር። ቀለሙ በራሱ እየጠቆረ ስለሚሄድ ጠዋት ሲከፈት ማታ ከነበረው በጣም የጠለቀ ነው። ማታ ላይ «ገና አልጠቆረም» ብሎ የሚጨምር እጅ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ካካዎው አይሲንጉን ስለሚያወፍረው የሰከንዱ ቆጠራ ጠዋት እንደገና ይደረግ።

የከሰል ዱቄት በዚህ ማስታወሻ ውስጥ አልገባም። አክቲቬትድ ቻርኮል መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊይዝ ይችላል፣ ድግስ ላይ ማን ምን እንደሚወስድ አይታወቅም። ብልጭልጩም እንዲሁ፦ ማሸጊያው ላይ «መርዝ የለውም» መባሉ ይበላል ማለት አይደለም። የሚበላው ዓይነት እንደ ማንኛውም ምግብ የተሠራበት ነገር ዝርዝር ተጽፎበታል።

ሌሎቹ ቀለሞች ቀላል ናቸው። የዱባ ብርቱካናማ፦ ቢጫ፣ ትንሽ ቀይ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ቡናማ። ያለ ቡናማው የአሻንጉሊት ቀለም ይመስላል። ሐምራዊ ግን ብርሃን አይወድም፤ ቀዩ ክፍል ቀድሞ ስለሚደበዝዝ መስኮት አጠገብ የደረቀው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ይድረቅ።

ዙር 4፦ ቅርጾቹ

የሸረሪት ድር የሚሠራው ሁለቱም ቀለም እርጥብ ሳሉ ነው። ክቡ በጥቁር ይሞላና ሳይዘገይ በነጭ አራት ክቦች አንዱ በሌላው ውስጥ ይሰመራሉ፤ ከዚያ በስቴኪኒ ከመሐል ወደ ጠርዝ ስምንት ጊዜ ይጎተታል። በእያንዳንዱ ጉተታ መሐል ጫፉ ካልተጠረገ ድሩ ይጨቀያል። ሁለቱ አይሲንጎች አንድ ዓይነት ቅጥነት፣ ሁለቱም 15 ሰከንድ መሆን አለባቸው፤ ነጩ ከወፈረ መስመሩ ጎልቶ ይቆማል፣ ከቀጠነ ይሰምጣል። ከ2 ደቂቃ በላይ ከቆየ ላዩ ቆዳ ይዞ ስቴኪኒው ይቀድደዋል፣ ስለዚህ አንድ ብስኩት ተሞልቶ ሳይጎተት ሌላው አይጀመር።

ጣረሞቱ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ነጩ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ይድረቅ፤ ጥቁር ዓይንና አፍ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኖቹን ክብ ከማድረግ ወደ ታች የተንጠባጠበ ሞላላ ማድረግ ፊቱን ያሳዝናል፣ ያዘነ ጣረሞት ደግሞ ከሚስቀው ይበልጥ ያስፈራል።

ለሙሚው ብስኩቱ በጥቁር ይሞላና ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ጨርቁ በሚቆመው ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ባለው የመጭመቂያ ከረጢት አፍ፣ በተዛነፈ አቅጣጫ ይጨመቃል። መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ ጨርቅ ሳይሆን አጥር ይመስላሉ። አንዱ በሌላው ላይ ይረፍ፣ በመሐል ጥቁሩ ይታይ፣ ዓይኖቹ ያሉበት ቦታ ሰፋ ብሎ ይቅር።

የመቃብር ድንጋዩ ስሕተትን ወደ ጥቅም የሚለውጥ ነው። ግራጫው ተሞልቶ ለ40 ደቂቃ ይቆያል፤ ላዩ ቆዳ ይዞ ውስጡ ገና ለስላሳ ሲሆን በጣት ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ሲደረግ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ካካዎ በጥቂት ቮድካ ተበጥብጦ በብሩሽ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ስኳሩን አያሟሟም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል።

ዱባው በክፍል በክፍል ነው፦ አንድ እየዘለሉ መሙላት፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ የቀሩትን መሙላት። በአየርላንድና በስኮትላንድ ዱባ ከመለመዱ በፊት ፊት የሚቀረጽበት ተርኒፕ (ክብ የሥር አትክልት) ነበር። ነጣ ያለ፣ የተጨማደደ፣ ጥርሱ የተዛነፈ የተርኒፕ ፊት ከሚያምረው ዱባ አጠገብ ሲቀመጥ ትሪው ሌላ ክብደት ያገኛል። ቅርጽ ማውጫም አይፈልግም፤ ክብ ብስኩት ላይ ነጭ ከጥቂት ቡናማ ጋር ነው።

ዙር 5፦ ቀኖቹ

በአንድ ቀን ለመጨረስ የተሞከረው ዙር ከሁሉ የከፋው ነበር። ዓይኖቹ ባልደረቀ ነጭ ላይ አርፈው እስከ ማታ ሁሉም ጣረሞት ያለቀሰ መስሎ ነበር፣ ከዓይኑ እስከ አገጩ ግራጫ ወርዶበት። የቀኖቹ አደራደር ስለዚህ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ድግሱ 31 ከሆነ፦ 27 ሊጥና መጋገር፣ ጥቁሩንም አይሲንግ አዘጋጅቶ ማሳደር፤ 28 መሙላት፤ 29 ዓይን፣ ጨርቅና የስንጥቁ ቀለም፤ 30 ሙሉውን ቀን መድረቅና ማታ ማሸግ። የተጋገረው ያልተቀባ ብስኩት አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ መጋገሩ ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል። ሲወጣ ግን ዕቃው ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ ቀድሞ ከተከፈተ ጤዛው ብስኩቱ ላይ ያርፋል።

የተቀባው ፍሪጅ አይገባም። እርጥበቱ ስኳሩን ያሟሟዋል፣ ጥቁሩም ይለቃል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ቀን ማራገቢያው ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሌሊቱን ይሥራ። ደረቀ የሚባለው ላዩ ስላልተጣበቀ አይደለም፤ ጣት በቀስታ ሲጫነው ምንም ምልክት ካልያዘ ብቻ ነው። በየመሐሉ የመጋገሪያ ወረቀት ተደርጎ ጥቁሮቹ ከታች፣ ነጮቹ ከላይ ይደረደራሉ፤ ከሦስት ድርብ ባይበልጥ ይሻላል። አለርጂ ያለበት እንዲያውቅ በክዳኑ ላይ «ስንዴ፣ ቅቤ፣ እንቁላል» ተብሎ ይጻፍ፣ በቫኒላው ፈንታ የለውዝ ማጣፈጫ የገባበት ካለም እሱ ለብቻው ዕቃ ይግባ።