ለጎፋ የጫንነው ልብስ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሚባል ቀበሌ ላይ መሬት ተንዶ ሰው ቀበረ የሚለውን ወሬ ሐዋሳ ሆነን በስልካችን ሰማን። ማታ ለመዝሙር ልምምድ ተሰብስበን ልምምዱን ትተን ቪዲዮውን ደጋግመን አየን። ቀይ አፈር ነው። በአፈሩ ላይ ሰው ተሰልፎ በአካፋና በባዶ እጁ ይቆፍራል። ማሽን የሚባል ነገር የለም።

«አሁኑኑ እንሂድ» አልን።

ከሞቱት ብዙዎቹ እንደዚሁ ብለው የሄዱ መሆናቸውን ያኔ በደንብ አልገባንም። መጀመሪያ የተናደው ጥቂት ቤቶችን ነው የቀበረው። ጎረቤቱ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ሳምንቱ ሳያልቅ የሟቾቹ ቁጥር 257 ደርሷል ተባለ።

እኛን ያስቀሩን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። «ልጆች፣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ሄዳችሁ ሌላ ለቅሶ እንዳትሆኑባቸው። መጀመሪያ ሰው ጠይቁ» አሉን። ተናደድን። እምነት የጎደላቸው መስሎን ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ምክራቸውንም የሰማነው በግማሽ ነው። ቆየን፣ ግን ማንንም አልጠየቅንም። ልብስ መሰብሰብ ጀመርን።

ሰው ሲሰጥ እጁ አይሰስትም። አዳራሹ በሦስት ቀን ውስጥ ልብስ በታጨቀበት ማዳበሪያ ሞላ። ብሔራዊ የሐዘን ቀኑ በታወጀበት ሰሞን አንድ አይሱዙ ጭነን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ስም የተጻፈበት ትልቅ ባነር አሠርተን፣ በሶዶ አድርገን ወደ ጎፋ ዞን ዋና ከተማ ወደ ሳውላ ወረድን። ስለ ባነሩ ብዙ አልናገርም። ሳሙና እንኳ ሳንገዛ እሱን ነበር የገዛነው።

ዕቃ የምናራግፍበት መጋዘን ስንደርስ ቦታ የለም። ከየከተማው ልክ እንደኛው ልብስ የጫነ መኪና መጥቷል። ኃላፊው ወንድም ማዳበሪያዎቻችንን አይቶ ትንሽ ዝም አለና «ለይታችሁታል?» አለን። አልለየነውም። ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠን ስንለይ ዋልን። ባለ ተረከዝ ጫማ ወጣ። ግራው ብቻ የሆነ የልጅ ሸራ ጫማ ወጣ። አንዱ ማዳበሪያ ውስጥ ቬሎ አገኘን፣ እውነተኛ የሙሽራ ቬሎ። ያቺ ደጋ በሐምሌ ዝናብና ብርድ ናት፣ እኛ ደግሞ የሐዋሳ ሰዎች ነንና ስስ ሸሚዝ ጭነንላታል። ከጎናችን የሚለዩት የኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብርድ ልብስ ይዘው መጥተው ነበር። ቀድመው ደውለው ጠይቀው ነው።

ተፈናቃዮቹ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ እህቶቻችንን ለብቻ ጠርተው የሚፈልጉትን በቀስታ ነገሯቸው። ድስት፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ሞዴስ። ዱቄት መጥቶላቸዋል፣ የሚያበስሉበት ግን የለም። ከጫንነው ውስጥ ከነዚህ አንዱም አልነበረም።

ከሁሉም የማልረሳው የስም ዝርዝሩን ነው። እርዳታ ለማደል ከአደጋው በፊት የተዘጋጀ የአባወራ መዝገብ ተሰጠን። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ አንባቢው እኔ ሆንኩ። አራተኛውን ስም ስጠራ መልስ የለም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደግሜ፣ አሁንም ጮክ አድርጌ ጠራሁ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት። ሰልፉ ፈርሶ ለቅሶ ሆነ። የሞተ ሰው በስሙ፣ ያውም ሁለቴ፣ ዱቄት ውሰድ ብዬ ጠርቻለሁ።

ዕደላው ለዚያ ቀን ቆመ። በማግሥቱ መዝገቡን ትተን ከአካባቢው አገልጋዮች ጋር በየመጠለያው እየዞርን በሕይወት ያለውን ሰው እንደ አዲስ ጻፍን። ቋንቋ ስለማልችል እኔ ከኋላ ደብተር ያዥ ሆንኩ። ጋሞኛ የሚናገሩ ሁለት ልጆች ነበሩን፤ ጋሞኛና ጎፍኛ ስለሚቀራረቡ ሰዉ ይሰማቸዋል። ከሁላችንም፣ ከመኪናችንም በላይ የጠቀሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቋንቋውን የሚችል ማነው?» ብዬ ነው።

ስብከት ተዘጋጅተን ሄደን ነበር። የማጽናኛ ጥቅሶች በወረቀት አባዝተናል። አልሰጠንም። የአካባቢው መጋቢ «ኢዮብ ጓደኞቹ ዝም ብለው የተቀመጡለት ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሰባት ቀን። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኛም ሰሌን ላይ ተቀመጥን። መዝሙር የዘመርነው አንዲት እናት ራሳቸው ጀምረው ሲያስከትሉን ብቻ ነው፤ እሱንም በጎፍኛ፣ ግጥሙን ሳናውቅ ዜማውን እያንጎራጎርን።

ባነሩን በመጨረሻ ችንካር ላይ ወጥረን የማብሰያ ቦታውን ከዝናብ ሸፈንበት። ስማችን ወደ ታች ስለዞረ ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች ብቻ ያነቡታል። ጭሱ ቶሎ አጠቆረው።

በተከታዩ ክረምት እንደገና ልንልክ ስንነሳ መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ። የመጋዘኑ ወንድም ሳቀ። «ልብስ እንዳትልኩ። ብረት ድስት፣ ትልልቁን» አለ። ገዛን፣ ቆጠርን፣ ጫንን። ሳውላ ሲደርስ መልሶ ደወለልኝ። ክዳኖቹን ሐዋሳ ረስተናቸዋል።