የጥማድ ጣጣ

በእኛ ዲፓርትመንት ሲኒየር ኢሴይ፣ የመመረቂያው ጥናት፣ የታወቀ ፈር አለው። ርዕሱ «የእንትን መወሰኛ ምክንያቶች፤ በእንትን ከተማ» ይሆናል። ቀጥሎ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላው የያማኔ ቀመር ይመጣል፤ አምስት በመቶ ስህተት ፈቅዳችሁ ስታሰሉት፣ ከተማው የፈለገውን ያህል ሕዝብ ይኑርበት፣ መልሱ ከ400 አያልፍም። መጠይቅ ይበተናል፣ ሎጂት የሚባለው የስታትስቲክስ ስሌት ይሠራል፣ ይጠረዛል። የባቼን ልጆች ለማማት አይደለም። የትራንስፖርቱ ብር ከራስ ኪስ እየወጣ ከዚህ በላይ መጠበቅ ይከብዳል።

እኔ መጠይቅ ከመበተን የተሰበሰበ ዳታ መረጥኩ። የያኔው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር በ2004 ዓ.ም. የጀመረው የቤተሰብ ጥናት አለ። ወደ 4,000 የሚጠጉ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ቤተሰቦችን ይዞ ተነሣ፤ በ2006 እና በ2008 ተመልሶ እነዚያኑ ጠየቃቸው። ማንም ተመዝግቦ በነፃ ያወርደዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ማዳበሪያ የጤፍን ምርት ምን ያህል ይጨምራል?

ኩንታሉን ለሄክታር አካፍሎ መገላገል ይመስላል። ገበሬው ግን ስለ ሄክታር ምን አገባው? መልሱ በጥማድ ነው፣ በገመድ ነው፣ በከርት ነው፣ በቦይ ነው። ከዳታው ጋር መለወጫ ሠንጠረዥ አብሮ ይመጣል፤ ስከፍተው አንዱ ጥማድ እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ደጀን ላለው አጎቴ ደወልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥማድ እኮ በበሬ ነው» አለኝ። «ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። በሬው ከከሳ፣ መሬቱ መረሬ ከሆነ፣ ዳገት ከሆነ፣ ያንሳል። ደግሞ የሰው ጥማድና የግብር ጥማድ አንድ አይደለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እየሳቀ ነው ያላት። እኔ ግን ጻፍኳት። ጠያቂዎቹ የብዙውን ማሳ ስፋት በጂፒኤስ ጭምር ለክተዋል፤ ስለዚህ ገበሬው ያለውና መሣሪያው ያለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዩጋንዳ ዳታ የተሠራ ጥናት ትንሽ ማሳ ያለው ከፍ አድርጎ፣ ሰፊ ያለው ዝቅ አድርጎ የመናገር ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። ከእንዲህ ያለ ቁጥር ምርታማነት ሲሰላ የትንሹ ገበሬ ማሳ ከእውነቱ የባሰ ደካማ ሆኖ ይወጣል። ስታታ፣ የምናሰላበት ሶፍትዌር፣ ይህን አይነግራችሁም፤ ትእዛዙን ተቀብሎ ኮከብ ያለበት፣ ማለትም «በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የሚል ውጤት ያወጣል።

በጂፒኤሱ ልኬት አስልቼ ያገኘሁትን ለአማካሪዬ ወሰድኩ። ሠንጠረዡን እንኳ በደንብ ሳያዩት «ማዳበሪያ የሚገዛው ማነው?» አሉኝ። በሬ ያለው፣ መንገድ የሚቀርበው፣ ብድር የሚያገኘው፣ መሬቱ ደህና የሆነ። እንግዲህ ያወዳደርኩት ማዳበሪያን ነው ወይስ ሰዎቹን? መፍትሔው አንዱን ገበሬ ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው፤ የ2004ቱን እሱን ከ2006ቱና ከ2008ቱ እሱ ጋር። ፊክስድ ኢፌክት የሚባለው ይኸው ነው። የማይለወጠውን ሁሉ፣ የመሬቱን ለምነትም የሰውየውን ትጋትም፣ ያወጣልናል። (በመካከሉ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ኤንፒኤስ በሚባለው እየተተካ መምጣቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን በግርጌ ማስታወሻ አለፍኩት።)

ዝናብ ግን ይለወጣል። የ2008ቱ ጥናት የያዘው በ2007 ክረምት የተዘራውን ነው፤ የኤልኒኖው ድርቅ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት እርዳታ ያስፈለገው። ዝናቡ የዘገየበት ገበሬ ዩሪያውን ይተወዋል፤ ምርቱም በዚያው ይቀንሳል። እኔ ጋ ሲደርስ ያመረተው በማዳበሪያው፣ ያጣው ባለመጠቀሙ ይመስላል። ደግነቱ የእያንዳንዱ አካባቢ የዝናብ መጠን በተጓዳኝ ፋይል ተቀምጧል።

ትናንት ማታ ፋይሉን አገጣጥሜ አስገባሁት። ኮፊሸንቱ፣ ማዳበሪያው ምርቱን ምን ያህል እንደጨመረ የሚያሳየው ቁጥር፣ ወረደ፤ ዜሮ ግን አልሆነም። አማካሪዬ አሁን «ምሥራቅ ጎጃምንና አርሲን ለየብቻ አሳዪኝ» ብለውኛል። ጥናቱ ግን ቢበዛ ክልልን እንዲወክል እንጂ ዞንን እንዲወክል አልተሠራም፤ በየዞኑ የሚቀሩኝ ቤተሰቦችም ጥቂት ናቸው። የናሙናውን ሰነድ አትሜያለሁ። ሐሙስ ቢሯቸው ይዤ ገብቼ አይሆንም ልላቸው ነው።